ማሽላ ሳይዘሩ የማሽላ ገንዘብ

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል። እህሉን የሚጭንለት አንድ ገበሬ፣ ስንዴ በዘራበት ዓመት የማሽላ ዋጋ ወርዷል ተብሎ ከመንግሥት ገንዘብ ተከፈለው አለኝ። እኔ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቃሉ ውስጥ ማሽላና ማሾ አመርታለሁ። ማሾውን ሰብስበን ገበያ ስናወጣ ዋጋው ዘጭ ይላል፤ የሚደርስልን የለም። ልጁ እያሾፈብኝ ነው? እውነት ከሆነስ ለእኛ ለምን አይሆንም?

መልስ፦ አላሾፈብዎትም፣ ጋሼ። ያልዘሩትን ማጨድ ይሏል ይኼ ነው።

እዚያ አገር ለማሽላ፣ ለበቆሎ፣ ለስንዴ በሕግ የተቆረጠ ዋጋ አለ። የማሽላው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ በቡሽል 3.95 ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 4.40 ከፍ ብሏል። ቡሽል ማለት 25 ኪሎ ከምናምን ነው፤ ሩብ ኩንታል ይበሉት። የዓመቱ አገር አቀፍ አማካይ ዋጋ ከዚያ ከወረደ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል። ገበሬው ራሱ በስንት ሸጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሚከፈለው ግን በድሮ መዝገብ ነው። መሬቱ ከዓመታት በፊት ምን ያህል ማሽላ ይዘራበት እንደነበር በካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው) የእርሻ ቢሮ ተጽፎ ይገኛል። «ቤዝ ኤከር» ይሉታል። ዛሬ ስንዴ ቢዘራበትም መዝገቡ አይነካም። ምክንያት አላቸው፤ ክፍያው ከዘሩት ጋር ቢታሰር ሁሉም ለገንዘቡ ሲል ማሽላ ዘርቶ ዋጋውን ይባስ ይጥለው ነበር።

በቁጥር እንየው። የ100 ኤከር፣ ማለትም የ40 ሄክታር ገደማ መዝገብ ያለው ሰው እንውሰድ። የሚታሰብለት 85 በመቶው ነው። ምርቱ በኤከር 60 ቡሽል፣ የዓመቱ ዋጋ 3.90 ይሁን። ልዩነቱ 50 ሳንቲም ነው። ሲባዛ 2,550 ዶላር። እርስዎ በግማሽ ሄክታር በዚሁ ስሌት የሚደርስዎት 31 ዶላር ገደማ ነው። ላለው ይጨመርለታል! ጣሪያ አለው ይላሉ፤ ጣሪያው እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት 155,000 ዶላር ነበር። ጣሪያ ከተባለ።

ወደ እኛ እንምጣ። የደርግን የእህል ኮታ ያስታውሳሉ። መንግሥት ዋጋ ይቆርጥ ነበር፤ ግን ከገበያው በታች፣ ሊወስድ። እስከ 1982 ዓ.ም. ዘለቀ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ሲወድቅ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው።

አሁን ካዝናውን እንተወውና፣ መዝገቡስ የት አለ? የይዞታ ደብተርዎ ስፋቱንና አዋሳኙን ይናገራል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ። አምና ማሾ ዘሩ ወይስ ጤፍ፣ ስንት ኩንታልስ አገኙ? እሱን አይልም። ያ ሳይኖር እንደ አሜሪካ እንክፈል ቢባል ገንዘቡ ቀበሌ ለሚመላለስ ምላሰኛ ነው የሚሆነው።

እኔ ከእነሱ ልቅዳ ብል ሌላውን ነው የምቀዳው። ገበሬያቸው መከር ላይ እህሉን ጎተራ አስገብቶ፣ እሱኑ አስይዞ ለ9 ወር ከመንግሥት ይበደራል። ዋጋ ሲነሳ ሸጦ ይከፍላል። ካልተነሳ እህሉን ያስረክባል፣ ዕዳው ያልቃል። ለእርስዎ ማሾ የሚበጀው ይኼ ነው፤ ችግርዎ ዓመቱን ሙሉ ያለው ዋጋ ሳይሆን ያቺ የመከር ሰሞን ናትና። ኮምቦልቻም ብትሆን ለመጋዘን እንግዳ አይደለችም፤ የአገሪቱ መጠባበቂያ እህል ከሚከማችባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

እስቲ ልጁን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ያ ገበሬ መሬቱ የራሱ ነው ወይስ የተከራየው? በጥሬ ገንዘብ ከተከራየው ክፍያው ለእሱ ነው፤ በእኩል ከሆነ ከባለመሬቱ ጋር ይካፈሉታል። ባለመሬቱም ሞኝ አይደለም፤ ክፍያውን አይቶ ኪራይ ይጨምራል።