«ዕቃው አልደረሰኝም» ላለችው ገዢ ገንዘቧን ልመልስ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ጫማ እሸጣለሁ። አንዲት ደንበኛ 6,800 ብር በቴሌብር ከከፈለች በኋላ ጫማውን በሞተረኛ ላክሁላት። ሞተረኛው «ደውዬላት ለኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ሰጠሁ» ይላል። እርሷ ግን «ምንም አልደረሰኝም፤ ገንዘቤን መልሺ» እያለች ነው። እየዋሸች ይመስለኛል። ልመልስላት? ስሟንና ፎቶዋንስ በቻናሌ ባወጣው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ፎቶዋን በፍጹም እንዳያወጡ። ሌባ ብለው በአደባባይ ከጠሯት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 በስም ማጥፋት የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ። ዛሬ 6,800 ብር እንዲመልሱ የተጠየቁ ሻጭ ሆነው ሳለ ነገ በወንጀል ተከሳሽ ሆነው መቅረብ አይገባዎትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ «አልደረሰኝም» የምትለው ገዢ አለመድረሱን እንድታስረዳ ሕጉ አይጠይቃትም። ክፍያው በቴሌብር ታይቷል፤ ጫማውን የማስረከብ ግዴታ የእርስዎ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታዬ ቀሪ ሆኗል የሚል ወገን ይህንኑ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ነው። ብዙ ሻጮች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ርክክቡን በማስረጃ ማስቀመጥ የሚችለው ዕቃውን የሚልከው ነውና።

አሁን ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ሞተረኛው ሲደውል ገዢዋ ምን አለችው? «ለጥበቃው ስጠው» ብላ ከሆነ ጥበቃው በእርሷ ስም የተቀበለ ሰው ነው፤ የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 በገዢዋ ለተፈቀደለት ሰው የተፈጸመውን ርክክብ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ጫማው ቢጠፋ የእርሷና የጥበቃው ጉዳይ ነው። ሳትፈቅድ ትቶት ሄዶ ከሆነ ግን እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ ይህን የሚያስቀረው ገዢዋ ካጸደቀችው ወይም ጫማው በእርግጥ እጇ ከገባ ብቻ ነው (ቁጥር 1743)።

የጥሪ ዝርዝር መደዋወላቸውን ያሳያል እንጂ የተባለውን አይናገርም። ሞተረኛው ሊመሰክር ይችላል፤ ሆኖም ጥፋቱ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ቃሉን ፍርድ ቤት በጥንቃቄ ይመዝነዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጥበቃውን ያግኙት፤ ጫማውን መቼ እንደተቀበለና ለማን እንደሰጠ በጽሑፍ ይስጥዎት፤ ተረኛው ስለሚቀያየር ቀን ባለፈ ቁጥር ማግኘቱ ይከብዳል። ከገዢዋ ጋር የተጻጻፉትንም አሁኑኑ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ በቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። መልእክቱ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ማስረጃነቱ እንደማይቀር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደንግጓል።

መፍቀዷን ማስረዳት ካልቻሉ ገንዘቡን ይመልሱ፤ ከዚያ ያለፈቃድ ትቶ የሄደው ሞተረኛ እንዲተካልዎ ይጠይቁ። ሲመልሱም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቴሌብር ይላኩ፤ ስለ የትኛው ጫማ እንደሆነ በመልእክት ይጻፉላት። በኋላ ጫማውን መቀበሏ ከተረጋገጠ የመለሱላትን ያላግባብ መበልጸግ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ጫማውን ይዛ ሆን ብላ እንደካደች የሚያሳይ ማስረጃ ካገኙ ደግሞ በአታላይነት (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692) ለፖሊስ ያመልክቱ፤ በጥርጣሬ ብቻ ግን አይሂዱ።

ለወደፊቱ ክፍያ ሲገባ ለገዢው አራት አሃዝ ያለው ቁጥር በአጭር መልእክት ይላኩ። ሞተረኛው ዕቃውን የሚሰጠው ቁጥሩን ለነገረው ሰው ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩንም ወዲያውኑ ለእርስዎ ይላክልዎ።