ዘመዴ ላልሆኑ ወዳጄ አርባቸውን ማሰብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቡና አጣጬ የነበሩ ጎረቤቴ በ86 ዓመታቸው አረፉ። ዘመዴ አይደሉም። ግን ለ12 ዓመት እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ደግፌ ቅዳሴ እንሄድ ነበር። በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር አባት ሳይመጸውቱ አልፈው አያውቁም። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። አርባቸው እየደረሰ ነው፤ እኔ ማሰብ ይፈቀድልኛል? ስልኬ ላይ ደግሞ የድምፅ መልእክታቸው አለ። ስሰማው አለቅሳለሁ። «ነፍሳቸውን ታስጨንቂያለሽ፣ አጥፊው» ተባልኩ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእሳቸውንም ነፍስ ይማር።

«ዘመዴ አይደሉም» ካልሽው ልጀምር። ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው «ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቶአል» ብሎ ነው (ዮሐ. 11፥11)። በኋላም እንባውን አፈሰሰ። ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ ነው ያለቀሰው። ቅዱስ ጳውሎስም ያስጠነቀቀን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ነው እንጂ ጨርሶ እንዳናዝን አይደለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ድምፃቸውን ስለሰማሽ ነፍሳቸው ትጨነቃለች የሚል ትምህርት የለንም። አታጥፊው። ሰምተሽ ስትጨርሺ «ነፍስ ይማር» በዪ።

አርባውን ማሰብ ትችያለሽ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በ40ኛው ቀን ዐርጓል፤ በዚህ ቀን ለነፍሳቸው መጸለያችንም ከዚህ ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህ ጸሎት የሥጋ ዝምድና አይጠየቅም።

የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው። የክርስትና ስማቸውን ታውቂያለሽ? ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜ ልካችንን «ጋሼ»፣ «አባባ» ስንል ኖረን፣ ካህኑ «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» ሲሉን ዝም እንላለን። እኔም ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ሲያርፉ ደርሶብኛል። ያን ያህል እየወደድኳቸው ስማቸውን አለማወቄ እስከዛሬ ያመኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ልጆቻቸው ጋ ደውዪ። እነሱ ካላወቁት የንስሐ አባታቸው ያውቁታል። ልጆቻቸው ያሰቡት ነገር ካለም በዚያው ትሰሚያለሽ፤ አብራችሁ አድርጉት። ከዚያ ስሙን ለካህኑ ስጪ። ጸሎተ ፍትሐት ይደረስላቸዋል፣ በቅዳሴም ይታሰባሉ።

ድንኳን ተክለሽ፣ ተበድረሽ መደገስ አይጠበቅብሽም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ በተዝካር ዕዳ ቤታቸው የተናጋ ምእመናን ስላየሁ ነው። ዳቦና ንፍሮ ለነዳያን ማካፈል ይበቃል።

በር ላይ የሚቀመጡትን አባት ግን አትርሺ። በጎረቤትሽ ስም መጽውቻቸው። ወዳጃቸው ማረፋቸውን እስካሁን የነገራቸው ላይኖር ይችላል። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ አንቺ ንገሪያቸው።