መልስ፦ ቬጋስ ሄዶ ፖከር ስለመጫወት

ወንድሜ፣ «ኮምቦልቻ ሆኜ በስልክ ነው የምጫወተው፤ ቬጋስ ውድድር ብገባ ምን ይከብደኛል?» ብለሃል። ጨዋታው ያው ነው። የሚያስቸግርህ እጅህና አፍህ ነው። ስልክ ላይ ቁልፍ ትጫናለህ። እዚያ ግን ውርርዱ 400 ሆኖ፣ ዝም ብለህ አንዲት ባለ 1,000 ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱባት ክብ ነገር) ብትጥል ኮል፣ ማለትም ውርርዱን እኩል መክፈል ብቻ ነው የሚባለው፤ 600 ይመለስልሃል። ሬይዝ፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ ማድረግ ከፈለግክ ቺፑን ከመጣልህ በፊት በአፍህ ተናገር! ደሴ ፒያሳ ኮንከር ይዘን እንደምንለፈልፈውም አይደለም፤ ጨዋታው ላይ እያለህ በአማርኛ ማውራት ክልክል ነው። የዋናው የዓለም ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ስለሆነ እሱን ተወው፣ ትንንሾቹን ሞክር። ጠቀም ያለ ገንዘብ ካገኘህ አሜሪካኖቹ 30 በመቶ ግብር ይቆርጡብሃል። ሹራብ ያዝ ደግሞ፤ ኤሲው የደሴን ብርድ ያስንቃል።