መብራት ሲጠፋ ጉባኤው እንዳይጠፋ

ሰሞኑን ሐዋሳ ካሉ የጤና ባለሙያዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች በኦንላይን ስለሚካሄድ የሕክምና ጉባኤ ናቸው። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ነጥብ ግድ ስለሆነ ጉዳዩ የብዙዎች ነው።

ጥያቄ፦ የግማሽ ቀን ጉባኤ በዙም እያዘጋጀን ነው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ተናጋሪው ታቦር ክፍለ ከተማ ከሆነ ረዳት አስተናጋጁ ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ይሁን፤ ስላይዱም ቀድሞ ይድረሰው። መብራት ሲሄድ ተናጋሪው በስልኩ፣ በድምፅ ብቻ ይቀጥላል፤ ረዳቱ ስላይዱን ያሳያል። ድምፅ ብቻውን በሰዓት 30 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ቪዲዮ ግን ብዙ መቶ ይበላል። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ እንደሚዘጋም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ለንደን ያለችው ሐኪም በኅዳር በ9 ሰዓት ነበር ያስተማረችን። ለግንቦት ለምን 8 ሰዓት አለችን?

መልስ፦ እንግሊዞች በመጋቢት ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፣ በጥቅምት ይመልሳሉ። የእኛ ስለማይነካ የእሷ ያው ሰዓት በግንቦት ለእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል። መጋበዣው ላይ የሁለቱንም አገር ሰዓት ጻፉ።

ጥያቄ፦ የታካሚ ራጅ ሳሳይ ስሙን ከጥግ ቆርጬዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ ዶክተር! ፓወርፖይንት ላይ የተቆረጠው ክፍል ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ፋይሉ በቴሌግራም የደረሰው ሰው መልሶ ሊዘረጋው ይችላል። ስሙ የሌለበትን ምስል ለብቻው አስቀምጠው እሱን ያስገቡ። ስም ጠፍቶም ሰው ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ የማይታይ በሽታ፣ ዕድሜና ቀበሌ አንድ ላይ ከተነገሩ ጎረቤት ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ታካሚው ምስጢሩን የሰጠው ለእርስዎ ነው። ቀበሌውን ይተዉት፣ ፈቃዱንም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ጉባኤው አመለጠኝ። ቅጂውን ባይ ነጥብ ይያዝልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አዘጋጁን ጠይቂ፤ ሥልጠናው እውቅና ያገኘው በምን መልክ እንደሆነ ይወስነዋል። አዘጋጁ ራሱ እውቅና ያለው የሲፒዲ ሰጪ መሆኑንም አረጋግጪ። በቀጥታ ስትገቢ ደግሞ ሙሉ ስምሽን ጻፊ። የስልክ ሞዴል ስም ይዞ ለገባ ሰው ሰርተፊኬት መስጠት ይቸግራል።

አዘጋጆችን ግን አንድ ነገር ልለምን። ጉባኤውን ተረኛ በሚቀያየርበት ሰዓት አታድርጉት። ቅጂ ብቻ ልኮ መተውም አይበቃም፤ ሌሊት ዎርድ ያደረች ነርስ ጥያቄዋን የምታነሳበት ሌላ ቀን ይኑራት፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን።