መልስ፦ እናትን ይዞ ዊትቢ መሄድ

ሰላም እህቴ። እናትሽን ይዘሽ ከለንደን ዊትቢ (በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ) ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ አልመክርሽም። እስከ ዮርክ ባቡሩ ፈጣን ነው፤ ቀኑን የሚበላው ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ።

ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የዊትቢ ገዳም እንዳታልፉት። ከከተማው የሚያወጣው 199 የድንጋይ ደረጃ ለእናትሽ ጉልበት ይከብዳል፤ ታክሲ ያዙ፣ መኪና እላይ ድረስ ይወጣል። ገዳሙ የተመሠረተው በ657 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያዋ እመምኔት ቅድስት ሂልዳ ነበረች። በ664 የፋሲካ ቀን እንዴት ይቆጠር የሚለው ክርክር የተቆረጠው እዚሁ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚወዱ ከሆነ ይህን ንገሪያቸው፣ በጣም ደስ ይላቸዋል። አሁን የሚታየው ፍርስራሽ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። ጣሪያ የለውም፣ የባሕሩ ነፋስ በባዶ መስኮቶቹ ይገባል። በበጋም ቢሆን ጋቢ ያዢላቸው።

እንግሊዛዊው አሳሽና መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በተለማማጅነት የኖረበት ቤትም ታች ከተማው ውስጥ ግሬፕ ሌን በሚባለው መንገድ ላይ ሙዚየም ሆኗል።

ወደቡ አጠገብ ዓሣና ቺፕስ ብሉ። የባሕር ወፎቹ ከእጅ ስለሚነጥቁ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ቺፕሱንም ቢሆን ሳትጠይቂ እንዳታዢላቸው፤ በዚያ አካባቢ ብዙ ቤቶች የሚጠብሱት በከብት ሞራ ነው።