ከንፈሩ ደንዝዞ ጥርሱ ሲነቃ

አብሽር ወንድሜ። ከወልድያ የጻፍከው እዚህ ደሴም በየጊዜው ያጋጥመኛል። ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛ የታች መንጋጋ ጥርስ ነው። ሁለት ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ሊዶካይን በብሎክ፣ ማለትም የመንጋጋውን ነርቭ ከጥርሱ ርቆ በሚያደነዝዝ መርፌ፣ ሰጥተህ ከንፈሩ ደንዝዟል። ድሪሉ ነርቩ ጋ ሲደርስ ግን ታካሚው ከወንበሩ ይዘላል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲሁ ያስጮህኳቸው አንዲት የሐይቅ እናት "ልጄ፣ ከንፈሬስ የለም፤ ጥርሴ ግን አለ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከንፈር አላምንም። ድሪል ከማንሳቴ በፊት ጥርሱን በበረዶ እፈትናለሁ። የማቀዝቀዣ ስፕሬይ ከሌለህ የመርፌ ክዳን ውስጥ ውሃ ሞልተህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ቅዝቃዜው ከተሰማቸው ገና ነው። ካልተሰማቸውም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ግን ብዙ ጩኸት ያስቀራል።

ምክንያቱን "የተቆጣ ቦታ አሲድ ስለሚሆን" ብለን ነበር የተማርነው። እኔን ብዙም አያሳምነኝም፤ ብሎኩን የምንወጋው ከጥርሱ ርቀን ነው እኮ! የተቆጣ ነርቭ ራሱ ይለወጣል። በትንሽ ነገር ይነሳል፤ ሊዶካይን በቀላሉ የማይዘጋቸው የሶዲየም ቻናሎችም (የሕመም መልእክት የሚያልፍባቸው የነርቩ በሮች) ይበዙበታል። ስለዚህ ከንፈሩ ካልደነዘዘ ብሎኩን ድገመው፤ ከደነዘዘ ግን መርፌውን ወደ ጥርሱ አምጣው።

እኔ መጀመሪያ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ (ወረፋ ሲበዛ እንደሚከብድ አውቃለሁ)። ከዚያ በጉንጭ በኩል፣ ከጥርሱ ጎን፣ አንድ ካርትሪጅ 4% አርቲኬይን (ሌላ ማደንዘዣ) እሰጣለሁ። ልዩነቱን ታየዋለህ። አርቲኬይን ከጠፋ ወይም ካልበቃ፣ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ሊዶካይን እሰጣለሁ፤ ለየሥሩ 0.2 ሚሊ ያህል፣ በቀስታ። እጅህን መግፋት አለበት። ሳይገፋህ ከገባ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። የሰጠኸውን ማደንዘዣ ድምር ደግሞ ቁጠር፤ 1.8 ሚሊ 2% ሊዶካይን 36 ሚሊግራም ነው፣ አርቲኬይኑ እጥፉ።

ከሕክምናው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ 600 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን (የሕመም ማስታገሻ) መስጠትም ይረዳል። ጨጓራ፣ ኩላሊትና እርግዝና ሳትጠይቅ ግን እንዳትሰጥ። በረመዳን ጾመኛ ክኒን አይውጥም፤ ያለሱ አቅድ።

በጥርሱ ውስጥ ያለውን ነርቭ ራሱን መውጋት የመጨረሻ አማራጬ ነው። የሚሠራው ከመድኃኒቱ ይልቅ በግፊቱ ነው፣ ያማልም። "አንዴ ያምዎታል፣ ከዚያ ያበቃል" በላቸው። እኔ ሳልናገር የወጋኋቸው አንድ ሰውዬ ለቀጠሯቸው ሳይመጡ ቀሩ።