ንጉሡ ቀበሮ ከሆኑ በኋላ «ሮጡ» ወይስ «ሮጠች»?

ጥያቄ፦ የምናብ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። አንድ አዛውንት ንጉሥ ሲመሽ ቀበሮ ይሆናሉ። ሁለት ነገር ቸግሮኛል። «ንጉሡ ወደ ቀበሮ ተቀየሩ» ነው የሚባለው ወይስ «ቀበሮ ሆኑ»? ከዚያስ በኋላ ግሡን በማን ላስረው? «ሮጡ» ብዬ ብጽፍ ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄ «ቀበሮ አንቱ ይባላል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ሮጠች» ስል ደግሞ ንጉሡ ከእጄ ያመልጡኛል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ስለሚቀል እሱን ላስቀድም። «ወደ ቀበሮ ተቀየሩ» ስህተት አይደለም፤ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል። ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ይቀየራል፤ ስብሰባ ወደ ማክሰኞ ይቀየራል። «ተለወጡ» ትንሽ ይሻላል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከጥንት የያዘው ግሥ ግን «ሆነ» ነው። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ የሎጥ ሚስት ወደ ኋላዋ ተመልክታ የጨው ሐውልት «ሆነች» ይላል እንጂ ወደ ጨው ሐውልት ተለወጠች አይልም። መሬት ላይ የተጣለችው የሙሴ በትርም እባብ «ሆነች»። ጆሮዎ እንዲፈርድ ፕሮቴዎስን ያስቡት። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሲ» ይህን የባሕር ሽማግሌ ንጉሡ ምኒላዎስ ጨምድዶ ሲይዘው መልኩን ይለዋውጣል፦ አንበሳ ሆነ፣ እባብ ሆነ፣ ነብር ሆነ፣ ከርከሮ ሆነ፣ ውሃ ሆነ፣ ዛፍ ሆነ። በየመሀሉ «ወደ እባብ ተቀየረ፣ ወደ ነብር ተቀየረ» እያሉ ቢያነቡት ምኒላዎስ ገና ሳይደክመው አንባቢው ይደክማል።

ለዋጭ ሲኖር «ሆነ» ቦታውን ለ«አደረገ» ይለቃል። በዚያው በ«ኦዲሲ» ጠንቋይቱ ኪርኬ የባለታሪኩን የኦዲሴዎስን ሰዎች «አሳማ አደረገቻቸው» ይባላል። ነገር ግን «ራሱን ቀበሮ አደረገ» አይበሉ፤ እንደ «ራሱን ሞኝ አደረገ» ማስመሰል ይሆንብዎታል። በፈቃዱ የሚለወጥ ሰው «ቀበሮ ሆነ» ከተባለ ይበቃዋል። ከሌላ ዓለም መጥቶ የሰው ፊት ለብሶ የሚዞር ፍጡር ካለዎት ደግሞ ለእሱ «ሆነ» አይገባውም፤ ውስጡ ያው ነውና «ሰው መስሎ ገባ» ወይም «በሰው አምሳል ታየ» ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ዋናው። ወዳጅዎ የሳቁት ቀበሮዋን ስላዩ ነው፤ አማርኛ ግን አንቱታን የሚሰጠው ለገላ አይደለም። ኪርኬ አሳማ ያደረገቻቸው ሰዎች የአሳማ ራስ፣ ድምፅና ፀጉር ቢኖራቸውም ልባቸው እንደ ድሮው ነበር ይላል ሆሜር፤ በጉረኗቸው ሆነው ያለቅሱ ነበር። ልባቸው የሰው ከሆነ ግሣቸውም የሰው ነው። የእርስዎም ንጉሥ በቀበሮ ቆዳ ውስጥ ሆነው ዘውዳቸውን የሚያስቡ ከሆነ «ንጉሡ ቀበሮ ሆነው በመስኮቱ ዘለሉ» ይበሉ፤ አያስቅም። ይልቅ የሚያስቀው «ንጉሡ ቀበሮ ሆነው በመስኮቱ ዘለለች» ነው። «ሆነው» የጀመረውን ሰው «ዘለለች» በሌላ ስለሚጨርሰው፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፍጡራን ያሉ ይመስላል፤ አንባቢውም ቀበሮ የሆኑት ንጉሥ የት ቀሩ ብሎ ይፈልጋቸዋል። እንግዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይለውጡ። መለወጥ ካለብዎት በአራት ነጥብ ይዝጉና ዓይኑን ለሌላ ሰው ይስጡ። አጥር የሚጠብቀው ዘብ ምንም አያውቅም እንበል። «አንዲት ቀበሮ በአጥሩ ሥር ሾልካ ወጣች»፤ ይህ የዘቡ አማርኛ ስለሆነ ትክክል ነው።

እኔን ደስ የሚለኝ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ንጋት ላይ ቀበሮዋ ተመልሳ በሩ ሥር ቆመች። ዘቡ «ግቢ» ካላት ቀበሮ ነው ያየው። ዝቅ ብሎ «ይግቡ» ካለ ግን ምሥጢሩን ያውቃል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሌላ ማስረጃ መጻፍ አይኖርብዎትም፤ የግሡ መልክ ብቻ ይናገራል። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጅ እያለ «ዘቡ ንጉሡ መሆናቸውን ተረዳ» ብሎ መጻፍ ያሳዝነኛል።

ጾታም እንዲሁ ነው። አማርኛ ትንንሽ እንስሳትን በሴት መጥራት ይወዳል፤ «አይጧ»፣ «ድመቷ»፣ «ጥንቸሏ»። አንቱ የማይባል ወጣት አይጥ ቢሆን «አይጡ» እያሉ ይቀጥሉ፤ ያቺ ያልተለመደች «ኡ» ይህ ተራ አይጥ አለመሆኑን በየመስመሩ ታስታውሳለች። «አይጧ» ያሉ ዕለት ልጁ ለዘለቄታው አይጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ያንንም ሆን ብለው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ዛሬ ወንድ ነገ ሴት ስለሚሆኑ የሳይንስ ልብ ወለድ ፍጡራን የሚጠይቁኝም አሉ። «እሱ» እና «እሷ» ያስገድዳሉ፤ «እሳቸው»፣ «እነሱ» እና «እኔ» ግን ጾታ አይለዩም። «መጡ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ፍጡሩ አንጋፋ ከሆነ አንቱታው ችግሩን ይፈታዋል። ጎረምሳ ሌባ ከሆነ ግን «እሳቸው ኪስ አወለቁ» ያስቃልና ታሪኩን በ«እኔ» ቢያስተርኩት ይሻላል።

ሲመለሱም ይጠንቀቁ። «ንጉሡ ወደ ሰውነታቸው ተመለሱ» ቢሉ ሰውነት ገላም ነውና ነፍሳቸው ወጥታ የነበረች ይመስላል። «ሰው ሆኑ» ብቻውን ደግሞ ድሮ ባለጌ ነበሩ፣ አሁን ተመከሩ የሚል ትርጉም ያመጣል። «ተመልሰው ሰው ሆኑ» ወይም «የቀድሞ መልካቸውን ያዙ» ይበሉ።